የድሮ ፕሪንተር፣ አዲስ ላፕቶፕ፣ የማይገጥም መሰኪያ፦ ምን ልግዛ?

ካርቦን_ኮፒ

ሰላም ለሁላችሁም። ባለ 24 መርፌ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር አለኝ። ጤነኛ ነው። ሪባኑ አዲስ ነው፣ ከመርፌዎቹም አንድም የተሰበረ የለም። የምሠራው ሦስት ቅጂ ባለው የካርቦን ፎርም ላይ ስለሆነ ቀለም የሚረጭም ሆነ ሌዘር ፕሪንተር አይሆነኝም። ወረቀቱን የሚመታ ነገር ከሌለ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅጂ ባዶ ነው የሚወጣው።

ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ጋ ነው። የድሮው ዴስክቶፕ ሥራ አቁሟል። አሁን ያለኝ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ሲሆን ያሉት ሁለት ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። ፕሪንተሩ ደግሞ ከጀርባው አንድ ሰፊ መሰኪያ ነው ያለው፤ ግራና ቀኙ ላይ የሽቦ መቆንጠጫ አለው። የድሮው ገመድ ሌላኛው ጫፍ በሁለት ብሎን የሚታሰር ባለ 25 ፒን ነው።

ለመግዛት ሳስስ መዓት ዓይነት መቀየሪያ አየሁ። ሁሉም ይመሳሰላሉ። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ የትኛው ነው ትክክለኛው? ገመዱ ቢገጥምስ ዊንዶውስ ፕሪንተሩን ያውቀዋል? ከፎርሙ ግማሹ በአማርኛ ስለሚሞላ፣ ፊደሉስ በትክክል ይወጣል?

የሞከረ ሰው ካለ ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።

ሽቦ_ፈቺ

ሰላም ወንድሜ። ይሠራል፣ አትጨነቅ። ግን ከመግዛትህ በፊት የፕሪንተሩን ጀርባ በደንብ ማየት አለብህ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

የሽቦ መቆንጠጫ ያለው ሰፊው መሰኪያ ሴንትሮኒክስ ይባላል። ፒኖቹ 36 ናቸው። ስሙን ያገኘው በ1970 የመጀመሪያ ፕሪንተሩን ካወጣው ሴንትሮኒክስ ከተባለ ኩባንያ ነው። ባለ 25 ፒኑ ጫፍ የመጣው ደግሞ በ1981 ከወጣው አይቢኤም ፒሲ ጋር ነው። ጫፎቹ ይለያዩ እንጂ በውስጣቸው የሚሄደው ነገር አንድ ነው፤ ፓራለል የሚባለው ግንኙነት። ስምንት ሽቦዎች አንድ ሆሄ በአንዴ ይዘው ይመጣሉ። ስትሮብ የሚባለው ሽቦ «አሁን አንብብ» ይላል። ቢዚ የሚባለው ደግሞ ፕሪንተሩ «ቆይ፣ እጄ ሞልቷል» የሚልበት ነው። ሌላው ወረቀት አለቀ ለማለት ነው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ቀላል ስለሆነ ነው እስከ ዛሬ የሚሠራው።

አንተ የምትፈልገው «ዩኤስቢ ወደ ፓራለል» የሚባለውን የፕሪንተር ገመድ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ጫፉ ባለ 36 ፒን ወንዴ ሴንትሮኒክስ ሆኖ ቀጥታ ፕሪንተሩ ላይ ይሰካል። ሁለተኛው ጫፉ ባለ 25 ፒን ሴቴ ሆኖ የድሮውን ገመድህን ይቀበላል። የመጀመሪያውን ውሰድ። መገጣጠሚያ በቀነሰ ቁጥር ጣጣውም ይቀንሳል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባለ 25 ፒን የሆነ ሁሉ ፓራለል አይደለም። ሲሪያል የሚባለውም ግንኙነት ያንኑ ቅርጽ ይጠቀማል። አንዳንድ የድሮ ኮምፒውተሮች ላይ የስካዚ (የሃርድ ዲስክና የስካነር ማገናኛ) መሰኪያም ባለ 25 ፒን ነበር። ሲሪያል ላይ ያለው ቮልቴጅ ከፓራለሉ 5 ቮልት በጣም ስለሚበልጥ ፕሪንተሩን ወይም ገመዱን ሊጎዳ ይችላል። ከገጠመ ይሠራል ብለህ አትሰካ። ያንተው ላይ ሴንትሮኒክሱ ስላለ ስጋት የለም። ይሄን ክር የሚያነብ ሌላ ሰው ግን ፕሪንተሩ ላይ የተጻፈውን ወይም መመሪያውን ያንብብ።

የዩኤስቢ-ሲ ነገር ቀላሉ ነው። ከሲ ወደ ተራው ዩኤስቢ የምትቀይረው ትንሿ መቀየሪያ ትበቃሃለች። ገመዱ የሚጠቀመው ዘገምተኛውን የዩኤስቢ ፍጥነት ነው፤ ለዶት ማትሪክስ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ስትሰካ ፕሪንተሩን አጥፋ። ሴንትሮኒክሱን ግፋና ሁለቱንም ሽቦዎች ቆልፍ። ከዚያ ፕሪንተሩን አብራ፣ መጨረሻ ላይ ዩኤስቢውን ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ፓራለል እንደ ዩኤስቢ እየበራ እንዲሰካና እንዲነቀል ተብሎ የተሠራ አይደለም።

የሌሊት_ታይፒስት

ካርቦን_ኮፒ፣ እንደ ሐሳብ ልጠይቅህና አዲስ ዶት ማትሪክስ ለምን አትገዛም? ዛሬም ይመረታል። ብዙዎቹ ዩኤስቢም ፓራለልም አብረው አላቸው። እኔ በበኩሌ ለቢሮ ሥራ የሚውል ማሽን ላይ መቀየሪያ ማብዛት አልወድም። ሥራ በበዛበት ቀን ገመዱ ቢያምፅ ሰልፉ ፊትህ ነው።

የድሮውን ጣል ማለቴ አይደለም። ግን ሪባኑ እስከ መቼ እንደሚገኝም አስብበት። ሪባኑ ከአሁኑ ሞዴሎች ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ያቆይሃል፤ ካልሆነ ግን ችግሩ ገመድ ሳይሆን ሪባን ይሆናል።

ካርቦን_ኮፒ

እውነትሽን ነው እህቴ፣ አስቤበታለሁ። ግን ይሄኛው ሰፊው ዓይነት ነው፣ ባለ 136 ዓምድ። ፎርሙም በሰፊው ልክ የታተመ ነው። ዛሬ በቀላሉ የሚገኙት ጠባቦቹ ናቸው፤ ሰፊው ዋጋው ይሰቀላል። ሪባኑ እስካሁን ይገኛል። ማሽኑ እየሠራ ሳለ በመሰኪያ ምክንያት ብቻ ጥግ ላይ ማስቀመጥ አልሆነልኝም።

ሽቦ_ፈቺ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ባለ 36 ፒኑን አዝዣለሁ።

ፔንጉዊን_ወዳጅ

ገመዱ እስኪመጣ ሌላ መንገድ ልጠቁም፤ በተለይ ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ላላችሁ።

ፕሪንተሩን ከላፕቶፑ ጋር ጨርሶ አለማገናኘት ይቻላል። የፓራለል ፕሪንት ሰርቨር የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ። በአንድ ጎኑ ሴንትሮኒክሱ ላይ ይሰካል፣ በሌላው የኔትወርክ ገመድ ይቀበላል። ለኮምፒውተሩ ፕሪንተሩ የኔትወርክ ፕሪንተር ሆኖ ይታየዋል። ዊንዶውስ ላይ በአይፒ አድራሻው ትጨምረዋለህ፤ አብዛኞቹ በ9100 ፖርት ነው የሚቀበሉት። አሁን በብዛት የሚገኙት ያገለገሉት ናቸው። ስትገዙ የኃይል መስጫው አብሮት እንዳለና የይለፍ ቃሉን ወደ መነሻው መመለስ እንደሚቻል አረጋግጡ።

ሌላው እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ወይም አቧራ የጠጣ የድሮ ላፕቶፕ ነው። ሊኑክስ ትጭንበታለህ፣ ያንኑ የዩኤስቢ ወደ ፓራለል ገመድ ትሰካበታለህ፣ ከፕስ የሚባለውን የኅትመት ሶፍትዌር ታስነሳበታለህ። ከፕስን በብሮውዘር በ631 ፖርት ገብተህ ታስተካክለዋለህ። ለድሮ ዶት ማትሪክስና ሌዘር የሚሆኑ ድራይቨሮች (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባቡ ፕሮግራሞች) ሊኑክስ ላይ ብዙ ናቸው። የፕሪንተሩ አምራች ድራይቨር መሥራት ካቆመ በኋላም ሌሎች ሰዎች ስለሚንከባከቧቸው በሕይወት አሉ።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ላፕቶፑን በቀየርክ ቁጥር ከመሰኪያ ጋር ትግል አለመኖሩ ነው። አንድ ጊዜ ከተስተካከለ ተስተካከለ። ለአንድ ላፕቶፕና ለአንድ ፕሪንተር ግን ገመዱ ይበቃል፣ አታካብደው።

ካርቦን_ኮፒ

ገመዱ ደረሰ። ሽቦ_ፈቺ ባለው ቅደም ተከተል ሰካሁት። ዊንዶውስ የመሰኪያውን ድምፅ አሰማ። ዲቫይስ ማናጀር (ዊንዶውስ የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝርበት) ውስጥ «ዩኤስቢ ፕሪንቲንግ ሰፖርት» የሚል መስመር መጥቷል። ቢጫ ምልክት የለውም።

ግን የፕሪንተሮች ዝርዝር ውስጥ ምንም አልተጨመረም። በእጅ ልጨምረው ስሄድ ፖርት ምረጥ ይለኛል። ኤልፒቲ1ን (የድሮውን የፓራለል ፖርት ስም) መረጥኩ፤ ተጭኗል ይላል፣ የሙከራ ገጽ ስልክ ግን ወረፋው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ፕሪንተሩ ዝም። ገመዱ ተበላሽቶ ይሆን?

ሽቦ_ፈቺ

ገመዱ ደህና ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ያ መስመር ከመጣ ገመዱ ሥራውን እየሠራ ነው።

እዚህ ጋ ያለውን ነገር ላስረዳህ፣ ምክንያቱም የዚህ ዓይነት ጥያቄ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ይህ ገመድ ፓራለል ፖርት አይፈጥርም። ለኮምፒውተሩ ራሱን የሚያስተዋውቀው «እኔ የዩኤስቢ ፕሪንተር ነኝ» ብሎ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ የሚሰጠው ስም ኤልፒቲ1 ሳይሆን ዩኤስቢ001 ነው። ኤልፒቲ1 ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ዊንዶውስ ከድሮ ጀምሮ ስለሚያስቀምጠው እንጂ ከኋላው ሽቦ ስላለ አይደለም። ወደዚያ የላክኸው ሁሉ መድረሻ የለውም።

በራሱ ያልመጣበትም ምክንያት አለው። አዳዲሶቹ ፕሪንተሮች «ማን ነህ?» ሲባሉ ስማቸውንና ሞዴላቸውን ይመልሳሉ። ይህ ጥያቄና መልስ ሥርዓት የያዘው በ1994 በወጣው አይትሪፕልኢ 1284 በተባለው ደረጃ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ አብዛኛው ፕሪንተር ጥያቄውን አያውቀውም፤ ዝም ይላል። ዊንዶውስ ስም ካልሰማ ድራይቨር አይመርጥም። ስለዚህ ስሙን የምትነግረው አንተ ነህ።

እንዲህ አድርግ። ሴቲንግ ውስጥ ፕሪንተርና ስካነር የሚለው ጋ ግባ። «አድ ዲቫይስ» በል። ፈልጎ ሲያጣ ከሥር «አድ ማኑዋሊ» የሚል ይመጣል። ከሚቀርቡልህ አማራጮች መጨረሻ ላይ ያለውን፣ በእጅ አስተካክዬ ልጨምር የሚለውን ምረጥ። አሁን ካሉት ፖርቶች አንዱን ልጠቀም የሚለውን ምረጥና ከዝርዝሩ ዩኤስቢ001ን ፈልግ፤ ከጎኑ ለዩኤስቢ የሚሆን ቨርቹዋል ፖርት እንደሆነ ተጽፎበታል። ከዚያ ድራይቨር ምረጥ ይልሃል።

ለጊዜው «ጀነሪክ» ከሚለው አምራች ሥር «ጀነሪክ / ቴክስት ኦንሊ» የሚለውን ምረጥና የሙከራ ገጽ ላክ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከወጣ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ነው ማለት ነው። ትክክለኛውን ድራይቨር ከዚያ በኋላ እንመርጣለን። እኔ ሁልጊዜ በዚህ ነው የምጀምረው፤ የገመድ ችግርን ከድራይቨር ችግር ይለይልሃል።

ካላተመ የፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፖርትስ የሚለው ገጽ ላይ «ባይዳይሬክሽናል ሰፖርት» የሚለውን ምልክት አንሣ። መልስ የማይሰጥ ፕሪንተርን መልስ እየጠበቁ መቆም ይቀራል።

ዩኤስቢ001 ከአንድ በላይ ቁጥር ይዞ ከመጣ፣ ለምሳሌ ዩኤስቢ002ም ካለ፣ ገመዱን ስትነቅልና ስትሰካ የትኛው እንደሚነካ ሞክር። ከዚያ ወዲያ ገመዱን ሁልጊዜ በዚያው ቀዳዳ ሰካው።

ካርቦን_ኮፒ

ተባረክ! ዩኤስቢ001ን መርጬ ባይዳይሬክሽናሉን ሳነሳው ያ ደስ የሚለው ጩኸት ጀመረ። እንግሊዝኛው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ሦስተኛው ቅጂ ላይ ሳይቀር ይነበባል።

አማርኛው ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። «የደንበኛ ስም» የሚለው ቦታ ላይ በረድፍ የጥያቄ ምልክት ተሰልፏል። ይሄ ከገመዱ ነው ወይስ ከፕሪንተሩ?

የሌሊት_ታይፒስት

ይሄኛውን ለኔ ተዉልኝ፤ የዕለት ሥራዬ ነው።

ከሁለቱም አይደለም፣ ከድራይቨሩ ነው። ቴክስት ኦንሊ የሚለው ድራይቨር ለፕሪንተሩ የሆሄ ቁጥር ብቻ ነው የሚልከው። የሆሄውን ቅርጽ የሚስለው ፕሪንተሩ ራሱ ነው፣ በውስጡ ከተቀረጸው ፊደል። እዚያ ውስጥ ያለው ላቲንና ጥቂት የአውሮፓ ምልክት ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ማሽኖች በአብዛኛው ስለ ግእዝ ፊደል ምንም አያውቁም። ከዚያ በኋላ የተሠሩትም አብዛኞቹ አያውቁም።

መፍትሔው ፊደሉን ኮምፒውተሩ እንዲስለው ማድረግ ነው። ትክክለኛውን ግራፊክ የሚልክ ድራይቨር ስትጭን ዊንዶውስ ገጹን እንደ ሥዕል በነጥብ በነጥብ ያዘጋጀዋል። ፕሪንተሩ ነጥቡን ይመታል እንጂ ሆሄው «ሀ» ይሁን «ፐ» አያገባውም።

ለአብዛኛው ባለ 24 መርፌ ማሽን «ኤፕሰን ኤልኪው ሲሪስ 1 (136)» የሚለው ይሆናል፤ ለጠባቡ (80) የሚለው ነው። የሌላ አምራች ማሽንም ቢሆን ኢኤስሲ/ፒ የሚባለውን የኤፕሰን ትእዛዝ ስለሚረዳ አይከፋም። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚለውን ቁልፍ ተጫንና ትንሽ ጠብቅ፣ ዝርዝሩ ይረዝማል። ባለ 9 መርፌ ለሆነ ደግሞ «ኤፍኤክስ» የሚለውን ፈልጉ። በኤልኪው ሞክራችሁ ወረቀቱ ላይ ዝብርቅርቅ ምልክት ከወጣ ፕሪንተሩ በሌላ ትእዛዝ፣ ብዙ ጊዜ በአይቢኤም ፕሮፕሪንተር፣ ላይ ተስተካክሎ ይሆናል። ይሄ በውስጥ ሜኑ ወይም ከጀርባ ባሉ ትንንሽ ማብሪያዎች ይቀየራል።

አሁን ስለ ፎንቱ። ባለ 24 መርፌ ጭንቅላት ቁልቁል በኢንች 180 ነጥብ ነው ያለው። ለላቲን ይበቃል፣ ለኛ ፊደል ግን ጠባብ ነው። ቅጥያዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ፎንቱ ሲያንስ «ሁ» እና «ሂ» ይመሳሰላሉ፣ የ«ኋ» እግር ይጠፋል። እኔ ከ12 በታች አልወርድም። ፎንቱም እንደ ኒያላ ቀጭንና ወፍራም መስመር የሚያፈራርቅ ባይሆን ይመረጣል፤ ቀጭኑ መስመር ነጥብ በነጥብ ሆኖ ይበጣጠሳል። ኢብሪማ መስመሩ እኩል ስለሆነ በዶት ማትሪክስ ላይ በጣም ይነበባል። ካርቦኑ ላይ ደግሞ ደማቅ አታድርገው። ደማቅ ሲሆን የ«ሠ» መሃል ይደፈናል።

በግራፊክ ሲታተም ፍጥነቱ እንደሚወርድ እወቅ። መስመሩን በነጥብ ስለሚስለው የግድ ነው።

አሮጌ_ዲስኬት

ክሩን እንዳልጠልፍ ፈራሁ፣ ግን ጉዳዩ አንድ ስለሆነ እዚሁ ልጠይቅ። እኔ ያለኝ የዕቃ መዝገብ ፕሮግራም ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ የተሠራ ነው። ለኤልፒቲ1 ካልሆነ ለማንም አያትምም፤ ሌላ ፖርት መምረጫም የለውም። በዩኤስቢ ገመድ ምንም ተስፋ የለኝም?

ሽቦ_ፈቺ

አለህ። ኮምፒውተርህ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከሆነና የዶስ ፕሮግራሙ አሁንም የሚከፈትልህ ከሆነ ዘዴው እንዲህ ነው። ፕሪንተሩን በዩኤስቢ001 ጫን። ከዚያ ሼር አድርገው፣ ክፍተት የሌለው አጭር ስም ስጠው። ቀጥሎ በትእዛዝ መስኮቱ «ኔት ዩዝ» በሚለው ትእዛዝ ኤልፒቲ1ን ከኮምፒውተርህ ስምና ከሼር ስሙ ጋር አያይዘው፤ መጨረሻ ላይ ቋሚ እንዲሆን የሚያደርገውን ጨምርበት። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ ለኤልፒቲ1 የላከውን ዊንዶውስ ተቀብሎ ወደ ዩኤስቢው ያሻግረዋል። ኮምፒውተሩ ለራሱ ሼር ማድረጉ ግራ ቢያጋባም ይሠራል።

ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ከሆነ ግን ባለ 16 ቢት የዶስ ፕሮግራም ከነአካቴው አያስከፍትም። ያኔ ዶስቦክስ-ኤክስ የሚባለውን ተጠቀም። ፕሮግራሙን ያስኬድልሃል፣ በውስጡ የራሱ ኤልፒቲ1 አለው፣ የተላከለትንም ወደ ዊንዶውስ ፕሪንተር ወይም ወደ ፋይል ሊመራው ይችላል።

ፕሪንተሩ ሌዘር ከሆነ አንድ ነገር ልጨምርልህ። የዶስ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ገጹ ሲያልቅ «ወረቀቱን አስወጣ» የሚለውን ምልክት አይልኩም። ዶት ማትሪክስ መስመር በመስመር ስለሚያትም ችግር የለበትም። ሌዘር ግን ገጹ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ያልታተመ ይመስልሃል።

ሌዘር_ቤት

እኔም ጥያቄ አለኝ። ሁለት የድሮ ሌዘሮች አሉኝ። አንዱ መሰኪያው ሴንትሮኒክስ ይመስላል ግን በጣም ትንሽ ነው። ሌላው በትልቁ ነው፤ ገመዱን ገዝቼ ገጠምኩት፣ ዊንዶውስም ያየዋል፣ ግን የሚወጣው ባዶ ገጽ ወይም ምንም ነው። የምጠቀመው ዴስክቶፕ ነው።

ሽቦ_ፈቺ

ትንሹ ሚኒ-ሴንትሮኒክስ ነው፤ በዚያው በ1994ቱ ደረጃ የተጨመረ። ፒኖቹ ያው 36 ናቸው፣ ቅርጹ ነው ያነሰው። ኤችፒ ሌዘርጄት 1100ን የመሳሰሉት ይሄን ነው የሚጠቀሙት። ለሱ ጫፉ ባለ 25 ፒን ሴቴ የሆነውን የዩኤስቢ መቀየሪያ ግዛና ከፕሪንተሩ የራሱ ገመድ ጋር አገናኘው። ፒሲኤል የሚባለውን ቋንቋ የሚናገር ሌዘር ከሆነ የራሱ ድራይቨር ባይገኝም በሌላ ተቀራራቢ የፒሲኤል ድራይቨር ያትማል።

ሁለተኛው ግን የራሱ ቋንቋ የሌለው ዓይነት ይመስለኛል። ጂዲአይ ወይም ሆስት-ቤዝድ ይባላሉ። ርካሽ እንዲሆኑ ሲባል ገጹን የማዘጋጀት ሥራው ሁሉ ለኮምፒውተሩ ተትቷል። የአምራቹ ድራይቨር ከሌለ በሌላ አይተካም። ብዙዎቹም ድራይቨራቸው ከፕሪንተሩ ጋር ወዲያና ወዲህ ስለሚነጋገር፣ በዩኤስቢ ገመድ በኩል የተቆራረጠ መልስ ሲደርሰው ሥራውን ያቆማል። ለዚህ ፕሪንተር ገመድ መቀያየር አይጠቅምህም። መጀመሪያ ለምትጠቀምበት ዊንዶውስ ድራይቨር መኖሩን አረጋግጥ። ከሌለ ባለ 32 ቢት የድሮ ዊንዶውስ ያለው ማሽን ካልሆነ በቀር አይነሳም።

ዴስክቶፕ ስለሆንክ ግን እውነተኛ ፓራለል ፖርት ማግኘት ትችላለህ። ማዘርቦርዱ ላይ «ኤልፒቲ» የተባለ ሁለት ረድፍ የፒን መስመር ካለ ፖርቱ ቀድሞውኑ አለህ፤ የጎደለው ወደ ውጭ የሚያወጣው ቅጥያ ገመድ ብቻ ነው። በተለይ ለቢሮ የተሠሩ ቦርዶች ላይ ይገኛል። ሲገኝ ፒን በፒን ከመመሪያው ጋር አስተያይ። ከሌለ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ፓራለል ካርድ ይሰካል። ካርዱ ከተጫነ በኋላ ዊንዶውስ ኤልፒቲ3 ብሎ ቢሰይመው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ወደ ኤልፒቲ1 መቀየር ትችላለህ።

ላፕቶፕ ያላችሁም ይሄን ልብ በሉ፦ የዩኤስቢው ገመድ ለፕሪንተር ብቻ ነው። የፓራለል ስካነር፣ የሶፍትዌር ፈቃድ ቁልፍ፣ ቺፕ መጻፊያ የመሳሰሉት በሱ አይሠሩም። እነሱ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መቆጣጠር ይፈልጋሉ፤ ገመዱ ያንን አይሰጥም።

ካርቦን_ኮፒ

ኤልኪው (136) ተገኘ። ዊንዶውስ አፕዴትን ተጭኜ ከጠበቅሁ በኋላ ነው የመጣው። በኢብሪማ 12 አተምኩ፤ «ኋ» እንኳ እግሯ አልጠፋም። የሌሊት_ታይፒስት፣ እጅሽ ይባረክ።

የወረቀቱ ልክም ተስተካከለ፣ ሌላ ሰው ሊፈልገው ስለሚችል ልጻፈው። ዊንዶውስ የፎርሜን መጠን ስለማያውቀው እያንዳንዱ ፎርም ሲያልቅ ወረቀቱ እያለፈ ይሄድ ነበር። ፕሪንተርና ስካነር ከሚለው ገጽ ወርዳችሁ «ፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ግቡ። አዲስ ፎርም ፍጠር የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ ትክክለኛውን ቁመትና ስፋት ጻፉ፣ ስም ስጡት። ከዚያ በፕሪንተሩ ፕሪፈረንስ ውስጥ ያንን ስም መምረጥ ነው። አሁን መቅደጃው መስመር ላይ ነው የሚቆመው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃ የመጀመሪያው ኅትመት ወረፋ ላይ ይቀራል። ገመዱን ነቅዬ ስሰካው ይለቀዋል።

ፔንጉዊን_ወዳጅ

ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ የዩኤስቢውን ኃይል ስለሚያቋርጥ ነው። አንዳንዶቹ ገመዶች አንዴ ከተኙ በራሳቸው አይነቁም። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የላቀውን ሴቲንግ ክፈትና «ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለውን ዝጋው። እዚያ ካላገኘኸው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ዩኤስቢ ሩት ሃብ» የሚለውን ክፈት፤ የፓወር ገጹ ላይ ኮምፒውተሩ ይህን እንዲያጠፋ ፍቀድ የሚለውን ምልክት አንሣ።

ሌላው፣ አዲስ ላፕቶፕ ላይ «ፕሮቴክትድ ፕሪንት ሞድ» የሚባል ሴቲንግ አለ። እሱን አንድ ሰው ካበራው ዊንዶውስ የድሮ ድራይቨሮችን በሙሉ ይከለክላል፤ ኤልኪውም አብሮ ይጠፋል። ከፕሪንተርና ስካነር ገጹ ላይ ነው ያለው፤ ዝግ እንደሆነ ተወው።

ካርቦን_ኮፒ

ሴሌክቲቭ ሰስፔንዱን ዘጋሁት። አስተኝቼ ቀሰቀስኩት፣ ሳልነቅለው አተመ። ፕሮቴክትድ ፕሪንቱም ዝግ ነው። የክሩን ርእስ «ተፈቷል» ብዬ ቀይሬዋለሁ፤ የሌዘሩና የዶሱ ጥያቄ ያላችሁ ግን እዚሁ መቀጠል ትችላላችሁ።